ሹፌሩ ትንፍሽ አላለም

ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመብራት አይቶ፣ «አባት፣ ከእንግዲህ ቢበዛ ለቤተሰብ ብቻ ይናገሩ» አለኝ። ልጄ ሰላም ይህን ስትሰማ፣ «ዶክተሩን ምን በድለነው ነው?» ብላ ሳቀች። ከሃያ ዓመት በላይ በቪዲዮ ቤት ማይክ ይዤ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እቤቴም ምክር ሳላበዛ የዋልኩበት ቀን የለም። ስለዚህ አልተቆጣኋትም።

ሰላም ዛሬ በኮምፒውተር ከፊልም ሥር ጽሑፍ ታስገባለች። ጉሮሮ የማያስፈልገው የእኔው ሥራ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የዘረፋ ፊልም እየሠራች ሳለ ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ እነዚህ ሌቦች እንዴት ነው እንዲህ የሚተማመኑት? እውነት እንዲህ ዓይነት ሌባ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ነበረኝ። ግን መልሱ ከአንድ ጥፋቴ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዓይኗን እያየሁ ከምነግራት መጻፉ ቀለለኝ።

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከአንድ ያረጀ መዝገበ ቃላት ነው። የፊት ገጾቹ ተገነጣጥለው ስለነበር በ«ኤ» የሚጀምሩ ቃላት ለረጅም ጊዜ ጠላቶቼ ነበሩ። ፊልም ላይ አንዱ ሲመጣብኝ እስል ነበር። ተመልካቹ «ሰውየውን ብርድ መታው» ይላል እንጂ ቃል እንደጠፋብኝ አያውቅም። ልጆቼ ትምህርት ላይ ሲሰንፉ ይህንን አነሳባቸዋለሁ፤ ያልተማረ ሰው በሰው ፊት ሲስል ይኖራል እላለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አየለ ናቸው። ቀበና ወንዙ አጠገብ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። እኔ በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ፤ እሳቸው ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጠው ይተረጉማሉ። ሥራ ሲጀምሩ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ሙዚቃ ሲመጣ እግራቸው ወለሉን መምታት ይወድ ስለነበር ማይኩ እንዳይሰማው ነው። ማይኩ በንጹሕ መሐረብ ይጠቀለላል። ከሙቅ ውሃ በቀር ምንም አይጠጡም። አንድን ፊልም ለሕዝብ ከማሳየታቸው በፊት ለብቻቸው ሦስት ጊዜ ያዩታል፦ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመጨረሻ ደብተር ይዘው። ግራ እጃቸው ሁልጊዜ የቴሌቪዥኑ ድምፅ መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ሰው ሲናገር ያወርዱታል፣ ተኩስ ሲመጣ ይለቁታል። «በጥይት ላይ አትናገር፤ ጥይት ትርጉም አይፈልግም» ይሉኝ ነበር።

የውጭ አገር ስም አይጠሩም። ተመልካቹ አምስት ባዕድ ስም ይዞ ፊልም መከተል አይችልምና ሰዉን በሥራው ይሰይሙታል፤ አለቃው፣ ገመደኛው፣ ካዝና ከፋቹ፣ ሹፌሩ። አለቃው ሲናገር አፋቸውን ወደ ማይኩ ያስጠጋሉ፤ ውሸታም ሲናገር ፊታቸውን ትንሽ ያዞራሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ በር ላይ ቆመው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ሰው እየወጣ የሚያወራውን ያዳምጣሉ። ትርጉማቸው የተሳካ መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ነው።

አልፎ አልፎ ሲያስተረጉሙኝ ቆይተው ማይኩን ለብቻዬ ያስያዙኝ ቀን የሰጡኝ ምክር አጭር ነበር። «ሰውየው ያላለውን አትበል። ያለውን አታስቀር። ካልገባህ፣ እንደለመድከው ሳል።» ለካ ያውቁ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሕንድ ፊልም ሴቶቹን፣ ካራቴ ጎረምሶቹን፣ የዘረፋ ፊልም ደግሞ ሁሉንም ይጠራ ነበር። ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰባሰባሉ፣ ባንክ ወይም የጌጥ ቤት ያጠናሉ፣ ይገባሉ፣ አንድ ነገር ይበላሻል። ሕጋቸውንም ተመልካቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያውቀዋል፤ የተያዘ አይናገርም፣ ያመለጠ የተያዘውን አይተውም፣ ድርሻ እኩል ነው፣ ድሃ አይነካም። በአግዳሚ ወንበር ቦታ ሊደባደቡ የደረሱ ሰዎች፣ ገመደኛው ለጓደኛው እጁን ሲዘረጋ አብረው እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ይህ ያናድደኝ ነበር። የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ልጄ መንገድ ላይ ያገኘውን እርሳስ ይዞ ቢመጣ «ካገኘህበት መልሰህ አስቀምጥ» ብዬ በዝናብ የምልክ ሰው ነኝ። ገመድ አንገቱ ላይ ሲገባ «እናቴ፣ ያኔ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ያለውን ሌባ ታሪክ ልጆቼ ከፊደል በፊት ነው የሰሙት። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እየተባልኩ አድጌ፣ ሌባን የታማኝነት አስተማሪ አድርጌ በገዛ አፌ ማቅረብ ከበደኝ። ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ገመደኛው እጁን ሲዘረጋ እኔም ከማይኩ ጀርባ እንባዬን እጠርግ ነበር። ምናልባት ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ይሆናል።

ከቀበና በኋላ ኮተቤ፣ ወደ ካራ የሚሄዱ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ተራ አጠገብ፣ ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ ሴት የቆርቆሮ አዳራሽ ከፍተው ቀጠሩኝ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ከበሮ ውስጥ የገባን ይመስለናል፤ ክረምት ክረምት እየጮህኩ ነበር የምተረጉመው። ለጩኸቱ የተጨመረልኝ ደመወዝ ግን የለም። የወይዘሮ በላይነሽ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው። «ሰው ሳይስቅ ወይም ሳያለቅስ እንዳይወጣብኝ!»

እዚያ ጋሽ አየለ በር ላይ ቆመው አይሰሙኝም። ስለዚህ መጨመር ጀመርኩ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ፤ «ይህ ሰው እናቱን ቢሰማ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ» የምትል ጣል አደርጋለሁ። ማንም አልተቃወመኝም። አንድ ቀን ካዝና ከፋቹ ጆሮውን በብረቱ ላይ ለጥፎ ቁልፉን እያዳመጠ ሳለ፣ «ምነው ትምህርቴን በጨረስኩ!» አሰኘሁት። አዳራሹ አጨበጨበ። የተጨበጨበለት ውሸታም ደግሞ መመለሻ የለውም።

ከዚያ ያ ፊልም መጣ። አምስት ሌቦች ወርቅ ይዘርፋሉ፤ ሲያመልጡ ሹፌሩ ብቻ ይያዛል። መርማሪው የአራቱን ጓደኞች ፎቶ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ይደረድርለታል። ይለምነዋል፣ ያስፈራራዋል፣ ሲጋራ ይሰጠዋል። ሹፌሩ ትንፍሽ አይልም። አራቱ ጓደኞች ይህን ሲሰሙ፣ ወርቁን በሙሉ ጥለው እሱን ያስለቅቁታል፤ ድልድይ ላይ ተገናኝተው ይተቃቀፋሉ። በምርመራው ጊዜ ካሜራው ከሹፌሩ ጀርባ ነው የቆመው። አፉ አይታይም። አፉ የማይታይ ሰው ለተርጓሚ ትልቅ ፈተና ነው።

ወደቅኩ። ሹፌሩን፣ «አዎ፣ እነዚህ አራቱ ናቸው! እውነት ከወርቅ ይበልጣል!» አሰኘሁት። ድልድዩ ላይ ሲተቃቀፉ ደግሞ አለቃውን፣ «ወንድማችን፣ እውነት በመናገርህ ኮራንብህ!» አስባልኩት። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም ዛሬ አንድ ትውልድ አዳንኩ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከተመልካቾቼ አንዱ ሽመልስ ነበር። ግርማ የሚባል ሹፌር ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ካራ! ካራ!» የሚል ልጅ እግር ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ አቶ ቱሉ ከሚባሉ አዛውንት መኪና መለዋወጫ ጎማ ተሰረቀ። አቶ ቱሉ ካራ ላይ ያርሱት የነበረው መሬት ቤት ተሠርቶበት፣ በእጃቸው የቀረው አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው። የተራውን ሰው ሁሉ ሰብስበው፣ «ያየ ይንገረኝ፣ ፖሊስ አልጠራም» አሉ። ጎማውን የወሰዱት ግርማና ጓደኛው ደረጀ መሆናቸውን ሽመልስ ያውቃል። በሰው ሁሉ መሐል፣ «ግርማና ደረጀ ናቸው» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ ሁለቱ ዞረ። እቅፉን እየጠበቀ!

ጎማው በዚያው ቀን ተመለሰ። ሽመልስን ግን ግርማ ከመኪናው አወረደው፤ ሌላም ሹፌር አልወስድህም አለው። ወደ ተራው ሲጠጋ «ዝም በሉ፣ ሬዲዮ መጣ» ይባላል። ልጁ ካራ ላይ ለቤት መሠረት ድንጋይ መሸከም ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ስከፍት መጣ። እጁ በድንጋይ ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቅ።»

«ያ ሹፌር ተናግሯል ወይስ አልተናገረም?»

«የትኛው ሹፌር?» አልኩ፣ አውቄው ሳለ።

«የወርቁ። ግርማ ያንን ፊልም ቀበና ጋሽ አየለ ሲተረጉሙት አይቶታል። "የእኔ ሹፌር ትንፍሽ አላለም፤ ሹፌር አይናገርም" እያለ ይፎክርብኛል። እኔ ደግሞ ጋሼ ይዋሻሉ እንዴ ብዬ ተከራከርኩ። ተደባደብንበት እኮ።»

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባሳጠርኩት። ያልኩት ግን፣ «ፊልሙ ሁለት ዓይነት ነው። የእኛ ሌላ ነው» ነው። ልጁ ፊቱ በራ። «እኔም እንደሱ ነው ያልኳቸው!» ብሎ እየሮጠ ሄደ። ሊነግራቸው። ስለ እውነት እየሰበክሁ አንዱን ልጅ በሁለት ውሸት አስታጠቅሁት ማለት ነው።

በማግሥቱ ቀበና ወርጄ ጋሽ አየለን እቤታቸው አገኘኋቸው። ግቢያቸው ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ነገሩን ጠምዝዤ ነገርኳቸውና፣ ምናልባት ሰው ቢጠይቅዎት ፊልሙ ሁለት ዓይነት ነው ይበሉልኝ አልኳቸው።

«እኔ ጋ ያለው አንድ ነው። ሁለተኛውን አምጣና አሳየኝ» አሉ።

ዓይኔን ወደተፈታው ሬዲዮ መለስኩ።

«ልጁ እውነት ተናገረ። ክፉ አደረገ?»

«ኧረ ደግ አደረገ እንጂ!»

«ታዲያ አንተ ምን አጠፋህ?»

 እሳቸው ከሬዲዮው ቀና ሳይሉ፣ «እውነት ተናገር፣ ግን ይጠሉሃል፣ ቻለው ብትለው ልጁ ወገቡን አጥብቆ ይገባበት ነበር። አንተ አቅፈው ይስሙሃል አልከው» አሉኝ። ከዚያ ጠመዝማዛ ሽቦ እያቃኑ፣ «እሁድ ያንን ፊልም መልሰህ ታሳያለህ። እኔም እመጣለሁ» ብለው ጨመሩ።

ወይዘሮ በላይነሽ ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «አንተ ሰው፣ ሲዋሽ የኖረ ተርጓሚ ነው ያለን ብለህ ለደንበኛ ልትናገር? ተመልካች ከሸሸ ወዮልህ፣ በሩን የምዘጋው አንተን በውጭ አድርጌ ነው!» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሽመልስ ግን በእኔ ምክንያት ድንጋይ ተሸክሟል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወሬው ተሰምቷል። ግርማና ደረጀ ፊት ወንበር ላይ ተደላድለዋል። ሽመልስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አቶ ቱሉን ራሴ ጠርቻቸው መጥተዋል። ጋሽ አየለ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ማይኩን ከመሐረቡ ፈታሁት።

«ወንድሞቼ፣ ይህን ፊልም አይታችሁታል። ያኔ የሹፌሩን ስም አጥፍቻለሁ። ሹፌሩ አልተናገረም። ያናገርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓይነት ፊልምም የለም።»

አዳራሹ ተናወጠ። አንዱ ከኋላ፣ «ካዝና ከፋቹስ? ትምህርት ቤት ናፈቀኝ ያለው?» ብሎ ጮኸ።

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ያ እናቱን የሳመውስ?»

«እናቱን እንኳ በራሱ ነው የሳመው።»

ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ግርማ ብድግ ብሎ፣ «ሰማችሁ አይደል? እንግዲህ ልክ እኛ ነን! ሹፌር አይናገርም!» አለ።

«ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው እይ» አልኩት፣ ለልጆቼ በምናገርበት ድምፅ። ተቀመጠ።

ተረጎምኩ። ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳላስቀር። ምርመራው ላይ ስደርስ የመርማሪውን ንግግር እየተናገርኩ የሹፌሩን ዝምታ ዝም አልኩት። ማይኩ ክፍት ነው፤ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ከባድ ነገር ተርጉሜ አላውቅም። መጨመር የለመደ ምላስ በጥርስ ተይዞም ይታገላል። ከዚያ አራቱ ወርቁን የጣሉበት ቦታ መጣ። አንዱ «ይሄ ሁሉ ወርቅ?» ሲል፣ አለቃው ይመልስለታል፤ «ወርቅ ሌላ ቀን ይገኛል። እሱን ከየት እናገኘዋለን?» ይህ የእኔ አይደለም፣ የፊልሙ ነው። በፊተኛው ጊዜ ስለ እውነት እየሰበክሁ የዘለልኩት እሱን ነበር።

መብራቱ ሲበራ አቶ ቱሉ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ እንግሊዝኛም አላውቅ፣ ፊልምም አላበዛ። ያየሁትን ልናገር። እነዚያ ለአንድ ወንድማቸው ያን ሁሉ ወርቅ ጣሉ። እናንተ ለአንድ የእኔ ጎማ ወንድማችሁን ጣላችሁ። ያውም ሦስት ቦታ የተለጠፈ ጎማ!»

«እሱ ግን ተናገረ፣ አባት» አለ ግርማ፤ ድምፁ ግን ቅድም የነበረው አልነበረም።

ሽመልስ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ተናግሬያለሁ። ጋሼ አሳስተውኛል ብዬ አላመልጥም። አቶ ቱሉ ጎማ ሲፈልጉ ግቢ ለግቢ ሲዞሩ አይቻቸዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። ግን መጀመሪያ ለናንተ ነበር መናገር የነበረብኝ። "መልሱ፤ ካልመለሳችሁ እናገራለሁ" ማለት ነበረብኝ። እሱን ነው ያጠፋሁት።»

«ብትነግረን እኮ እንመልስ ነበር» አለ ግርማ።

«አንመልስም ነበር» አለ ደረጀ።

ግርማ በክርኑ ወጋው፤ አዳራሹ ግን ቀድሞ ፈንድቶ ነበር። እኔ ለብዙ ዓመት በማይክ ስሰብክ ያላገኘሁት እውነት በደረጀ አፍ በሁለት ቃል ወጣ። ግርማም መጨረሻ ላይ መሳቅ አልቀረለትም። ከዚያ ሽመልስን ሳያይ፣ «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ካረፈድክ በሩን ለሌላ ነው የምሰጠው» አለው።

ጋሽ አየለ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው የሚወጣውን ሰው ሲያዳምጡ ቆዩ። እኔ ስደርስ፣ «አንድ ቦታ ላይ ቸኩለሃል፤ ድልድዩ ላይ» ብለው ኮፍያቸውን አደረጉና ወጡ። ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። ወይዘሮ በላይነሽም በሩን አልዘጉብኝም። የሚቀጥለው እሁድ ሰው ይበልጥ በዛ፤ «ዛሬስ ምን ይናዘዝ ይሆን?» እያለ የሚመጣ ነበር።

ለሰላም ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ እንደ ፊልሙ ያለ ሌባ አላየሁም። አደራን የሚያከብር ሰው ግን ስርቆት ውስጥም ቢገባ አደራው አደራ ነው፣ ስርቆቱም ስርቆት ነው። አንዱን ለመንቀፍ ሌላውን ማጥፋት አይገባም። ልጅን ማስተማር የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም እንዳሉ ያሳየው፤ ልጁ ራሱ ዓይን አለው።

ፊልሙን መልሼ ባሳየሁ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ካራ ለመሄድ ተራው ላይ ቆሜ ሳለሁ የግርማ ሚኒባስ መጣ። ሽመልስ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጁን በጨርቅ አስሯል፣ ድምፁ ግን ከሩቅ ይሰማል። ሲያየኝ ወርዶ ቦታ አስለቀቀልኝ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ። ግን አደራዎትን ዛሬ እንዳይተረጉሙ! እነዚህ ሰዎች ካራ ነው የሚወርዱት፤ እርስዎ ጉራራ ያወርዷቸዋል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ግርማ መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ካራ ድረስ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።